የማደንዘዣ ነርሶች ትምህርት በአሜሪካ፤ ለማመልከት የሚያስቡ ሊያውቁት የሚገባ

ቀዶ ጥገና ሲነሣ የብዙ ሰው ሐሳብ የሚሄደው ቢላዋ ወደ ያዘው ሐኪም ነው። በበሽተኛው ራስጌ ሆኖ ትንፋሹን፣ የልቡን ምትና የደሙን ግፊት በየደቂቃው የሚጠብቀው ባለሙያ እምብዛም አይታወስም። በሽተኛው ሲድንም የሚመርቀው ቀዶ የሰፋውን ነው፤ ያስተኛውንና መልሶ ያነቃውን ሰው ስሙን እንኳ አይጠይቅም። በአሜሪካ ይህን ኃላፊነት ከሚሸከሙት መካከል በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩት ነርሶች ናቸው። ነርሶች ስንል ግን የነርስነት ዲግሪያቸውን ይዘው በጽኑ ሕሙማን ክፍል የሠሩና ከዚያም በኋላ ተጨማሪ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት የተማሩ ማለታችን ነው።

ስለዚህ ትምህርት ለመጻፍ የተነሣነው ጥያቄው ወደ መምህራን ስለሚመጣ ነው። በዋሽንግተንና በአካባቢዋ፣ በሚኒሶታና በሌሎችም ግዛቶች በነርስነት የሚያገለግሉ ኢትዮጵያውያን ብዙ ናቸው፤ ከእነርሱም ወደዚህ ሙያ ለመሸጋገር የሚያስቡ አሉ። አገር ቤት ያሉ ተማሪዎች ደግሞ ስለ ደመወዙ ይሰሙና መምህራቸውን ይጠይቃሉ። የሚጠየቀው ብዙውን ጊዜ «ቅጹ የት ይገኛል?» የሚል ነው። እኛ እንደምናየው ከነገሩ ሁሉ ቀላሉ ቅጹ ነው። አመልካቹን የሚያስገባው ወይም የሚያስቀረው ከቅጹ በፊት ባሉት ዓመታት የሠራው ሥራ ነው፤ ከእነዚያ ዓመታት ጥቂቶቹም የሚያልፉት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወንበር ላይ ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ሙያው ከየት መጣ?

በጥቅምት 1846 በቦስተን ከተማ በማሳቹሴትስ ጄነራል ሆስፒታል ዊልያም ሞርተን የተባለው የጥርስ ሐኪም ኤተር አሽትቶ በሽተኛውን ካስተኛ በኋላ ቀዶ ጥገና ያለ ሥቃይ ሊደረግ እንደሚችል በይፋ ታየ። ይሁን እንጂ ለብዙ ዓመታት ኤተሩን የሚያሸትተው ሰው ማንም የተገኘ ነበር። አንዳንድ ጊዜም ተማሪ ሐኪም ይመደብና ዓይኑ ከበሽተኛው ይልቅ ሊማረው በመጣው ቀዶ ጥገና ላይ ይሆናል፤ በሽተኛውም በዚህ መካከል ትንፋሹ ይቆማል። ስለዚህ ቀዶ ሐኪሞች ዓይኑን ከበሽተኛው የማይነቅል ረዳት ሲፈልጉ ወደ ነርሶች ዞሩ። ከእነዚህ ነርሶች መካከል ስሟ እስከ ዛሬ የሚነሣው በሚኒሶታ ግዛት በሮቸስተር ከተማ ከሜዮ ወንድማማቾች ጋር የሠራችው አሊስ ማጎ ናት። በ1906 ባሳተመችው ዘገባ ከ14,000 በላይ ማደንዘዣዎች ተሰጥተው በማደንዘዣው ምክንያት አንድም ሰው አለመሞቱን ገልጻለች። በዚያ ዘመን ኤተር የሚሰጠው ፊት ላይ በተደረገ ጨርቅ ላይ ጠብ እያደረጉ እንደ ነበር ስናስብ ቁጥሩ ያስደንቃል።

ከዚያ በኋላ ያለውን ባጭሩ ለመጥቀስ፣ በ1909 በኦሪገን ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ለነርሶች መደበኛ የማደንዘዣ ትምህርት ተጀመረ። በ1931 አጋታ ሆጅንስ የነርሶቹን ማኅበር መሠረተች። «ይህ የሐኪም ሥራ ነው» የሚል ክስ ቀርቦ የካሊፎርንያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1936 ለነርሶቹ ፈረደ። በ1945 የመጀመሪያው የብቃት ፈተና ተሰጠ፤ ዛሬ ሲአርኤንኤ እየተባለ የሚጠራው ማዕረግም በ1956 ወጣ። ከ2001 ወዲህ ደግሞ የየግዛቱ አገረ ገዥ ከፈቀደ እነዚህ ነርሶች ያለ ሐኪም ተቆጣጣሪ ሊሠሩ የሚችሉበት ደንብ አለ፤ አዮዋ የመጀመሪያዋ ፈቃጅ ግዛት ሆናለች። በገጠር ባሉ ትንንሽ ሆስፒታሎች ሌሊት አንዲት ወላድ ቀዶ ጥገና ቢያስፈልጋት በአካባቢው ያለው የማደንዘዣ ባለሙያ አንድ ነርስ ብቻ ሊሆን ይችላል። የመግቢያውን ጥብቅነት ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል፤ መራጮቹ አመልካቹን ሲመለከቱ የሚያስቡት ያንን ሌሊት ነው።

የቆየ ምክር እንዳያሳስት

ከዘመድና ከጓደኛ የሚገኝ ምክር ብዙ ጊዜ ያረጀ ነው። ከ1998 ጀምሮ የማደንዘዣ ነርሶች ትምህርት በማስተርስ ዲግሪ ደረጃ እንዲሆን ታዝዞ ነበር፤ ያኔ የገቡት ከሁለት ዓመት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ተምረው ጨርሰዋል። ከጥር 2022 ወዲህ የሚገባ ተማሪ ግን ሁሉ የሚማረው ለዶክትሬት ዲግሪ ነው። የትምህርቱ ዘመን ቢያንስ 36 ወር ሲሆን ተማሪው ከ2,000 ሰዓት ያላነሰ የተግባር ልምምድ ማድረግና ቢያንስ 600 በሽተኞችን በአስተማሪ ክትትል ማደንዘዝ አለበት። ከእነዚህም መካከል ሕፃናት፣ አረጋውያን፣ ወላዶች፣ የልብና የራስ ቅል ቀዶ ጥገና የሚደረግላቸው ይገኙበታል። ትምህርት ቤቱ እውቅና ያለው መሆኑን የሚያረጋግጠው የማደንዘዣ ነርሶች ትምህርት እውቅና ሰጪ ምክር ቤት ነው፤ በዚህ ምክር ቤት መዝገብ ውስጥ ያልገባ ትምህርት ቤት ተመራቂ ለብቃት ፈተና አይቀርብም። እንግዲህ ማንም አመልካች ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት ይህን መዝገብ ማየት ይኖርበታል።

ከሁሉ አስቀድሞ ለአገር ቤት ተማሪዎች መነገር ያለበት አንድ ነገር አለ። በኢትዮጵያ አንድ ተማሪ ሁለተኛ ደረጃን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ሲገባ በቀጥታ በማደንዘዣ ሙያ የመጀመሪያ ዲግሪ ሊማር ይችላል፤ ነርስ መሆን አይጠበቅበትም። በአሜሪካ የማደንዘዣ ነርስ ለመሆን ግን መንገዱ በነርስነት በኩል ብቻ ነው። ስለዚህ በአገር ቤት ብዙ ዓመት ሲያደነዝዝ የኖረ ባለሙያ ወደ አሜሪካ ቢሄድ ዲግሪው የማደንዘዣ ነርስ አያደርገውም። የነርስነት ትምህርት ተምሮ፣ የነርስነት ፈቃድ አውጥቶ፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል ሠርቶ ከዚያ ማመልከት አለበት። ይህ በእኛ አስተያየት ከባድ ነው፤ በየወረዳው ሆስፒታል ስንቱን እናት በሕይወት ያስነሣ ሰው እንደ ጀማሪ ሲቆጠር ማየት ቅር ያሰኛል። ሕጉ ግን ይኸው ነው። የሚሻለው ጉዳዩን ከጉዞ በኋላ ከመስማት ከጉዞ በፊት ማወቅ ነው። አገር ቤት ለመሥራት ለሚያስብ ተማሪ በእርግጥ የማደንዘዣው ዲግሪ አጭሩና ትክክለኛው መንገድ ነው፤ ምርጫው የሚለያየው ሰውየው የት ለመኖር እንዳሰበ ነው።

በነርስነት በዲግሪ ተመርቆ የሄደ ሰው ቀደም ያለ ቦታ ላይ ይቆማል። ትራንስክሪፕቱ ይገመገምለታል፤ ይህን ከሚሠሩት መካከል ሲጂኤፍኤንኤስ በሚል ስም ለብዙ ዓመታት የታወቀው ድርጅት ይገኛል። ከዚያ ኤንክሌክስ የተባለውን የነርሶች ፈተና አልፎ ከግዛቱ ፈቃድ ያወጣል። የዲፕሎማ ነርስ የሆነ ደግሞ በሥራ ላይ ሆኖ ዲግሪውን የሚያሟላበት መርሐ ግብር በብዙ ኮሌጆች አለ። እዚህ ላይ ለትምህርት ቤቶቻችን ሬጅስትራሮች አንድ ማሳሰቢያ ጣል እናድርግ። ገምጋሚው ትራንስክሪፕቱን የሚፈልገው ከተማሪው እጅ ሳይሆን በቀጥታ ከትምህርት ቤቱ፣ ታሽጎና ማኅተም ተደርጎበት ነው። አንድ ወረቀት በመዝገብ ቤት መሳቢያ ውስጥ ስድስት ወር ቢያድር የአንድ ሰው አንድ የማመልከቻ ዓመት ይባክናል።

የጽኑ ሕሙማን ክፍል ለምን?

እውቅና ሰጪው ምክር ቤት የሚጠይቀው ቢያንስ አንድ ዓመት የሙሉ ጊዜ የጽኑ ሕሙማን ክፍል ልምድ ነው። ይህ ዝቅተኛው ወሰን ነው፤ ተመርጠው ከሚገቡት ብዙዎቹ ሁለት፣ ሦስትና ከዚያም በላይ ዓመት የሠሩ ናቸው። በሌላ ክፍል አሥር ዓመት የሠራ ነርስ ይህን ሲሰማ ልምዱ የተናቀ ሊመስለው ይችላል። ነገሩ ወዲህ ነው። በዚህ ክፍል የሚተኛው በሽተኛ በማሽን ይተነፍሳል፤ በደም ሥሩ ውስጥ በገባ ቀጭን ቱቦ የደም ግፊቱ በእያንዳንዱ የልብ ምት ይለካል፤ ልቡንና ደም ሥሮቹን የሚያበረቱ መድኃኒቶች በጠብታ ይሰጡታል። ነርሱ በአንድ ፈረቃ አንድ ወይም ሁለት በሽተኛ ብቻ ይዞ እያንዳንዷን ለውጥ እየተከታተለ መድኃኒቱን ከፍና ዝቅ ያደርጋል። ቀዶ ጥገና ክፍል ውስጥ የማደንዘዣ ባለሙያው የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ልዩነቱ እዚያ በሰዓታት የሚሆነው እዚህ በሴኮንዶች መሆኑ ነው። ስለዚህ ትምህርት ቤቶቹ የሚጠይቁት የዓመቱን ቁጥር ብቻ ሳይሆን በየትኛው ሆስፒታል፣ ምን ዓይነት በሽተኛ፣ በምን መሣሪያ እንደ ተከታተሉ ነው። የድንገተኛ ክፍል ልምድን የሚቀበሉ ትምህርት ቤቶች አሉ፣ የማይቀበሉም አሉ፤ አስቀድሞ መጠየቅ ነው።

በቃለ መጠይቁ ላይ የሚቀርበውም ከዚሁ የተቀዳ ነው። ለምሳሌ በ250 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ውስጥ 4 ሚሊ ግራም ኖርኤፒነፍሪን ተበርዟል፤ በሽተኛው በደቂቃ 8 ማይክሮ ግራም ይፈልጋል፤ ማሽኑ በሰዓት ስንት ሚሊ ሊትር እንዲሰጥ ይታዘዝ? መልሱን እንሥራው። 4 ሚሊ ግራም 4,000 ማይክሮ ግራም ነው፤ ለ250 ሲካፈል በእያንዳንዱ ሚሊ ሊትር 16 ማይክሮ ግራም ይሆናል። በደቂቃ 8 ከሆነ በሰዓት 480 ነው፤ 480 ለ16 ሲካፈል 30 ሚሊ ሊትር በሰዓት ይሆናል። ይህ የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። ነገር ግን አንዲት ነጥብ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ብትሸሽ ሰው ይሞታል። አመልካቹም ይህን የሚሠራው ሦስት ወይም አራት ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠው እየተመለከቱት፣ ያለ ወረቀት ሊሆን ይችላል።

ከስሌቱ ቀጥሎ «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ይመጣል። የደም ግፊት በምን ይወሰናል ቢባል፣ ልብ በደቂቃ በሚረጨው ደም መጠንና ደም ሥሮች በሚያሳዩት ተቃውሞ ነው። ልብ በደቂቃ 80 ጊዜ ቢመታና በየምቱ 70 ሚሊ ሊትር ቢረጭ በደቂቃ 5,600 ሚሊ ሊትር ይረጫል። ታዲያ ግፊቱ የወረደበት በሽተኛ ደም ፈሶት ነው? ልቡ ደክሞ ነው? ወይስ ደም ሥሮቹ ሰፍተው ነው? ሦስቱም በመለኪያው ላይ አንድ ዓይነት ዝቅተኛ ቁጥር ያሳያሉ፤ መድኃኒታቸው ግን ለየብቻ ነው። የመድኃኒቱን ስምና መጠን በቃሉ የያዘ፣ ምክንያቱን ግን ያልያዘ አመልካች የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። ተማሪዎቻችን ማስታወሻ በቃል ይዘው ፈተና ሲያልፉ የምናይ መምህራን ይህ ጉዳይ የባዕድ አገር ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ እናውቃለን።

ብዙዎቹ አመልካቾች ሲሲአርኤን የተባለውን የጽኑ ሕሙማን ነርሶች የብቃት ፈተና አስቀድመው ያልፋሉ። ለዚህ ፈተና ለመቀመጥ ከተለመዱት መንገዶች አንዱ ባለፉት ሁለት ዓመታት ውስጥ 1,750 ሰዓት፣ ከዚያም ውስጥ 875ቱን በመጨረሻው ዓመት፣ በጽኑ ሕሙማን ክፍል መሥራት ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤት ግዴታ ያደርገዋል፣ አንዳንዱ ይመርጠዋል። ከአንድ የማደንዘዣ ነርስ አጠገብ ሙሉ ቀን ቆሞ ሥራውን መመልከትም ብዙ ቦታ ይጠየቃል። ይህን እንደ ማስመሰያ የሚቆጥሩት አሉ፤ እኛ ግን ለአመልካቹ ራሱ የሚበጅ ይመስለናል። ሰባት ሰዓት በአንድ ወንበር ላይ ተቀምጦ አምስት መስመሮችን በስክሪን ላይ መጠበቅ ለሁሉም ሰው የተሰጠ ጸባይ አይደለም።

ስለ ሳይንስ ትምህርቶች

ብዙ ትምህርት ቤቶች ዝቅተኛ አማካይ ውጤት ከ4 ነጥብ 3 ነጥብ ይላሉ፤ ነገር ግን በ3 ነጥብ የሚገባ ሰው ሌላ የሚያካክስ ነገር ያለው መሆን አለበት። መራጮቹ ለብቻ አውጥተው የሚያዩት የኬሚስትሪ፣ የአናቶሚ፣ የፊዚዮሎጂና የፋርማኮሎጂ ውጤት ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ዝቅተኛ ውጤት ያገኘ ሰው ትምህርቱን እንደገና ወስዶ ከፍ ያለ ቢያመጣ ይቆጠርለታል፤ አንዳንዱም ከመጀመሪያ ዲግሪ በላይ የሆነ የኬሚስትሪ ወይም የፓቶፊዚዮሎጂ ትምህርት ለብቻው ይወስዳል።

የፊዚክስ መምህራን ለክፍላቸው የሚጠቅም አንድ ምሳሌ እንስጥ። በማደንዘዣ ማሽኑ ጀርባ የሚታሰረው ትንሽ የኦክስጅን ሲሊንደር ሙሉ ሲሆን ግፊቱ 1,900 ፒኤስአይ ገደማ፣ የያዘውም ጋዝ 660 ሊትር ያህል ነው። መለኪያው 950 ቢያሳይ ግማሹ፣ ማለት 330 ሊትር ቀርቷል ማለት ነው፤ በደቂቃ 3 ሊትር ቢወሰድ 110 ደቂቃ ያቆያል። የቦይል ሕግ ለሰው ሕይወት ሲውል እንዲህ ነው። አጠገቡ ያለው የናይትረስ ኦክሳይድ ሲሊንደር ግን በዚህ ስሌት አይገዛም። ሙሉ ሲሆን 745 ፒኤስአይ ያሳያል፤ ግማሽ ሲሆንም 745 ያሳያል፤ ሩብ ገደማ እስኪደርስም እንዲሁ። ለምን? ናይትረስ ኦክሳይድ በክፍል ሙቀት ተጨምቆ ፈሳሽ ይሆናል፤ መለኪያው የሚያነበው ከፈሳሹ በላይ ያለውን እንፋሎት ግፊት ነው፤ ፈሳሹ እስካለ ድረስ እንፋሎቱ ይተካል። ፈሳሹ ሲያልቅ መለኪያው ባንድ ጊዜ መውረድ ይጀምራል። ስለዚህ በውስጡ ያለውን ለማወቅ ሲሊንደሩን መመዘን እንጂ መለኪያውን ማየት አይበቃም። ኦክስጅን ለምን እንዲህ አይሆንም? በክፍል ሙቀት የፈለገውን ያህል ቢጨመቅ ፈሳሽ ስለማይሆን ነው፤ ለዚህ ከዜሮ በታች 118 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል መቀዝቀዝ አለበት። የናይትረስ ኦክሳይድ ወሰን 36.5 ዲግሪ ነው፤ በቆላው አገር በአንድ የቀትር ሙቀት ምን እንደሚሆን ተማሪዎች ራሳቸው ያስቡበት። ይህ ሁሉ በማደንዘዣ ትምህርት ቤት በፊዚክስና በመሣሪያ ትምህርት ተመልሶ ይመጣል፤ በአሥራ አንደኛ ክፍል የተረዳው ሰው ሲመለስ ያውቀዋል።

የድጋፍ ደብዳቤና ራስን መግለጽ

አብዛኞቹ ትምህርት ቤቶች ሦስት ያህል የድጋፍ ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ አንዱ ከጽኑ ሕሙማን ክፍል ኃላፊ፣ ሌላው ብዙ ጊዜ ከመምህር ነው። በእኛ አገር የተለመደው ደብዳቤ «አቶ እገሌ ታታሪ፣ ትሑት፣ በሥነ ምግባራቸው የተመሰገኑ ናቸው» የሚል ነው። እንዲህ ያለው ደብዳቤ ለማንም ሊጻፍ ስለሚችል ለመራጩ ምንም አይነግረውም። የሚፈለገው ዝርዝር ነው። «ይህች ተማሪ በላቦራቶሪ የተገኘው ውጤት ከመጽሐፉ ጋር አልስማማ ሲል መጽሐፉን ከመገልበጥ ይልቅ ሙከራውን ሁለት ጊዜ ደገመችው፤ ስሕተቱ በሚዛኑ ላይ መሆኑን ያገኘችው እርሷ ናት» ብሎ የጻፈ መምህር ከአሥር ቅጽል በላይ ጠቅሟታል። ደካማ ጎን ካለም በመጠኑ መጥቀስ ደብዳቤውን ያስከብራል እንጂ አያዋርደውም። እንዲህ ለመጻፍ መምህሩ ተማሪውን ልብ ብሎ ያየው መሆን አለበት፤ ስልሳ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን።

የራስ መግለጫ ጽሑፉና ቃለ መጠይቁ ለእኛ ሰው ሌላ ችግር አላቸው። ያደግንበት ሥርዓት «እኔ» ማለትን ያስነውራል፤ ሌላው ያመስግንህ እንጂ አንተ ራስህን አታመስግን ተብለን ነው ያደግነው። አመልካቹ በቃለ መጠይቅ ላይ ቀርቦ «ቡድናችን በሽተኛውን አተረፈው» ሲል ጠያቂው «አንተስ ምን አደረግህ?» ይለዋል። ዓይን ዝቅ ማድረግ እኛ ዘንድ አክብሮት ነው፤ እዚያ ግን እርግጠኛ አለመሆን ሊመስል ይችላል። ጨዋነትን ጣሉ ማለታችን አይደለም። ራስን ማወደስና የሠሩትን መናገር ግን ሁለት ነገሮች ናቸው። «ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግፊቱ ወረደ፣ ሆዱ መወጠሩን አየሁ፣ ደም እየፈሰሰው ነው ብዬ ለሐኪሙ ደወልሁ፣ እስኪመጣም ይህን አደረግሁ» ማለት ትምክህት የለበትም፤ የሥራ ዘገባ ነው። ጠያቂዎቹ ስለ ስሕተትም ይጠይቃሉ። «ተሳስቼ አላውቅም» የሚል አመልካች የሚያሳምን ሳይሆን የሚያስፈራ ነው፤ በማደንዘዣ ሥራ ስሕተቱን የሚደብቅ ሰው ከሚሳሳተው የበለጠ አደገኛ ነውና። ስለዚህ ከጓደኛ ጋር ፊት ለፊት ተቀምጦ፣ በእንግሊዝኛ፣ ድምፅን ከፍ አድርጎ ብዙ ጊዜ መለማመድ ያስፈልጋል።

ገንዘቡና ቤተ ሰቡ

በዚህ ሙያ የሚገኘው ደመወዝ ከፍተኛ መሆኑ እውነት ነው፤ የአሜሪካ የሠራተኛ ስታቲስቲክስ ቢሮ ለ2023 ያወጣው አኃዝ በዓመት ከ200 ሺህ ዶላር በላይ ነው። ወሬው ከዚህ ቁጥር ላይ ያቆማል። ከዚህ በፊት ያለው ሦስት ዓመት ግን ሲወራ አንሰማም። ትምህርቱ ሙሉ ጊዜ ነው፤ ብዙ ትምህርት ቤቶች ተማሪው ጎን ለጎን እንዳይሠራ አጥብቀው ይመክራሉ፣ የሚከለክሉም አሉ፤ ባይከለክሉም በሌሊት ሠርቶ በማለዳ ሰው ማደንዘዝ አይቻልም። የትምህርቱ ክፍያ በብዙ ቦታ ከ100 ሺህ ዶላር ያልፋል። በዚህ ላይ የቤት ኪራይ፣ የልጆች ወጪና ኢንሹራንስ አለ።

የእኛ ሰው ደግሞ አንድ ሌላ ወጪ አለው፤ ይህም በማንኛውም የትምህርት ቤት መግለጫ ውስጥ አይገኝም። በየወሩ ለእናት፣ ለአባት፣ ለታናናሾች የሚላክ ገንዘብ ነው። ነርሷ ትምህርት ስትጀምር ይህ ገንዘብ ይቆማል ወይም ይቀንሳል። ለ36 ወር። አዲስ አበባ ወይም ደሴ ያለው ቤተ ሰብ ጉዳዩ አስቀድሞ ካልተነገረው «ልጃችን ረሳችን» ይላል፤ ተማሪዋም በፈተና ሳምንት የስልክ ጥሪ እያስጨነቃት ትማራለች። ከመግባቷ በፊት ሁለት ዓመት ያህል ቆጥባ ጥቂትም ቢሆን ለቤተ ሰቡ የሚሆን ለይታ ማስቀመጥ፣ ከዚያም ለታላላቆቹ ቁጭ ብሎ በግልጽ ማስረዳት የማመልከቻው አንድ ክፍል ነው ብለን እናምናለን። አገር ቤት ያለ ወገንም የዚህን ትምህርት ክብደት ቢያውቅ ሸክሙ ይቀልላል።

ስለ ብድር ደግሞ አዲስ ነገር አለ። ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች የትምህርቱን ወጪ በሙሉ ይሸፍን የነበረው ግራድ ፕላስ የተባለው የመንግሥት ብድር በሐምሌ 2025 በጸደቀው ሕግ መሠረት ከሐምሌ 2026 መጀመሪያ አንሥቶ ለአዲስ ተበዳሪዎች ይቀራል። በዚሁ ሕግ ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሰጠው ብድር በዓመት 20,500፣ በጠቅላላው 100 ሺህ ዶላር ሆኗል፤ «የሙያ ዲግሪ» ለተባሉት በዓመት 50 ሺህ፣ በጠቅላላው 200 ሺህ ነው። የማደንዘዣ ነርሶች ዲግሪ ከየትኛው ወገን እንደሚቆጠር አመልካቹ ከትምህርት ቤቱ የገንዘብ ድጋፍ ክፍል በጽሑፍ መጠየቅ አለበት፤ ልዩነቱ ትምህርቱን መጨረስና አለመጨረስ ሊሆን ይችላልና። የመንግሥት ብድር የሚሰጠው ለዜጎች፣ ለቋሚ ነዋሪዎች፣ ለስደተኝነትና ለጥገኝነት እውቅና ላገኙና ለመሳሰሉት ነው፤ በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው አያገኝም።

ማመልከቻው

ቅጹን በተመለከተ የሚባለው ጥቂት ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ነርሲንግካስ በተባለው የጋራ መቀበያ በኩል፣ ሌሎች በራሳቸው በኩል ይቀበላሉ። የመዝጊያው ቀን ብዙ ጊዜ ትምህርቱ ከመጀመሩ ከስምንት ወር እስከ አንድ ዓመት ቀደም ይላል። ጂአርኢ የተባለውን ፈተና የሚጠይቁ አሉ፣ የተዉም አሉ። በእያንዳንዱ ማመልከቻ ክፍያ ስላለ ሃያ ቦታ ከመበተን አራት ወይም አምስት ትምህርት ቤቶችን መርጦ የእያንዳንዱን መስፈርት ማሟላት ይሻላል። ለእያንዳንዱ ትምህርት ቤት የሚጻፈው መግለጫም ለዚያ ትምህርት ቤት የተጻፈ ይሁን፤ ስም ብቻ ተለውጦ የተላከ ጽሑፍ ወዲያው ይታወቃል።

በሁለተኛ ደረጃ ያሉ ተማሪዎች ዘመኑን ቢያሰሉት እንዲህ ይሆናል። በ18 ዓመቱ የጨረሰ ልጅ አራት ዓመት ለነርስነት ዲግሪ፣ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ለጽኑ ሕሙማን ክፍል፣ ሦስት ዓመት ለማደንዘዣው ትምህርት ቢሰጥ 27 ወይም 28 ዓመት ይሞላዋል፤ ከአገር አገር ሲሄድ የሚባክነው ጊዜ ከተጨመረ ከ30 ያልፋል። ብዙዎች በ35ና በ40 ዓመታቸው ይገባሉ፣ ይጨርሱማል።

በመጀመሪያው ዓመት ያልተቀበሉት ሰው ተስፋ መቁረጥ የለበትም፤ ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ አመልክተው የሚገቡ ጥቂት አይደሉም። ግን ያንኑ ማመልከቻ መልሶ መላክ ዋጋ የለውም። ለትምህርት ቤቱ በትሕትና ጽፎ የጎደለው ምን እንደ ሆነ መጠየቅ ይቻላል፤ ሁሉም ባይመልሱ የሚመልሱ አሉ። የኬሚስትሪ ውጤት ነው ካሉ በመጪው መንፈቅ ኬሚስትሪ መመዝገብ፣ የክፍሉ በሽተኞች ቀለል ያሉ ናቸው ካሉ ወደ ልብ ቀዶ ጥገና የጽኑ ሕሙማን ክፍል መዛወር፣ ቃለ መጠይቁ ነው ካሉ ደግሞ ከቀጣዩ የመዝጊያ ቀን በፊት ባለው ጊዜ በሳምንት አንድ ቀን ጠያቂ ሆኖ የሚቀመጥ የሥራ ባልደረባ መፈለግ ነው።